ነዳጁን እንችላለን

በጓደኞቹ መካከል ብቸኛው ባለመኪና የሆነ ሰው ሕመሜ ይገባዋል። መኪና ስላችሁ ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ቪትዝ ናት። ሁለት ሰው ሲሳፈርባት የምትስቅ፣ ሦስተኛው ሲጨመር ዝም የምትል፣ አራተኛውና አምስተኛው ሲገቡ ወገቧን ይዛ የምታቃስት። አልችልም ብላ ግን አታውቅም። ይሉኝታን የተማረችው ከባለቤቷ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በባሕር ነው። በ2012 ዓ.ም. የገና ሰሞን አራት ኪሎ አንዲት ቡና ቤት ተሰብስበን ሳለ አንዱ ጓደኛችን ስልኩን እያዞረ የሆነ አገር አሳየን። በግራ ተራራ፣ በቀኝ ባሕር፣ መሐል ላይ የሚጠማዘዝ አስፋልት፣ አስፋልቱ ላይ ጣሪያው የተገለጠ መኪና፣ ውስጡ ፀጉራቸው የሚውለበለብ ጓደኛሞች። «እኛስ ምን ጎደለን?» አለ። የጎደለንን መቁጠር ስንጀምር ቪዛ፣ ቲኬት፣ ጣሪያው የሚገለጥ መኪና፣ በእኔና በኢንጂነሩ ጓደኛችን በኩል ደግሞ የሚውለበለበው ፀጉር ራሱ ሆነ። ወሬው ወደ ምፅዋ ዞረ። መስከረም 1 ቀን 2011 በቡሬና በዛላንበሳ ድንበሩ ሲከፈት «ከርሞ ቀይ ባሕር ነን» ተባብለን ነበር፤ እኛ ከርሞ እስኪደርስ ስንጠብቅ ድንበሩ ወራት ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። ከምፅዋ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ወደ ላንጋኖ፣ ባሕሩ እየጠበበ እየጠበበ መጥቶ አንዷ «ወሎ ሐይቅ አለ አይደል እንዴ? አንተ ደግሞ የመርሳ ልጅ ነህ» አለችኝ። አራቱም ወደ እኔ ዞሩ። አይሆንም ለማለት አፌን ስከፍት የወጣው «ኧረ ደስ ይለኛል» የሚል ነው። የዚህን ጽሑፍ ጥፋት ሁሉ እዚያች ላይ ጻፉልኝ።

ቴሌግራም ላይ ቡድን ተከፈተ። ስለሚለበሰው፣ ስለሚበላው፣ ስለሚደመጠው ዘፈን መልእክት እንደ ዝናብ ወረደ። ስለ ገንዘብ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። «ለነዳጅ ብሎ ሰው የሚያስጨንቅ» እንዳልባል እኔም አፌን ዘጋሁ። በመጨረሻ ኢንጂነሩ (ስሙን ትቼ በሙያው ልጥራው፤ ሙያውንም ቢሆን በወሬ እንጂ በሥራ አላየሁለትም) «ነዳጁን እንችላለን» ብሎ ጻፈ። ሁሉም አውራ ጣት ቀሰረለት። እኔም ቀሰርኩ። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ውጫሌ ስንደርስ እናነሣታለን።

ቀጠሮው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር። እኔ ተነሥቼ ራዲያተሩን ውሃ ሞልቼ፣ ስኮርታ ጎማውን አይቼ፣ ክሪኩ መኖሩን አረጋግጬ ቆሜአለሁ። 11 ሰዓት ላይ የዘፈኑ ኃላፊ ዲጄው ደወለና «መንገድ ላይ ነኝ» አለ። ድምፁ የሚመጣው ከብርድ ልብስ ሥር ነው። እኛ ዘንድ «መንገድ ላይ ነኝ» ማለት ነቅቻለሁ ማለት ነው፤ «ደርሻለሁ» ማለት ካልሲዬን እየፈለግሁ ነው ማለት ነው፤ «በር ላይ ነኝ» ሲል ታክሲ መጠበቅ ጀምሯል። ፋርማሲስቷ ጓደኛችን 12 ሰዓት ላይ ለሦስት ቀን ጉዞ ሦስት ሻንጣ ይዛ መጣች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለገጣፎን አለፍን። ሰንዳፋ ስንደርስ ኢንጂነሩ መታወቂያውን ረስቷል። ተመለስን።

የጉዟችን ጫፍ ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ለፈረንጅ ብትነግሩት አምስት ሰዓት ይላል። የእኛ ኪሎ ሜትር ግን በውስጡ በግ አለው፣ አህያ አለው፣ ሲኖትራክ አለው፣ መንደርተኛው በገዛ እጁ የሠራው፣ ምልክት የሌለው፣ ቪትዝን ከሆዷ የሚመታ የፍጥነት መቀነሻ አለው። ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ፤ ልጅነቴን በዚህ መንገድ ላይ በቅጥቅጥ ተመላልሼበታለሁና። ያልቻልኩት ከውስጥ ያለውን ነው።

የፊት ወንበር ለምሳሌ። ዲጄው እግሩ ረጅም ስለሆነ፣ ፋርማሲስቷ ስለሚያጥወለውላት፣ ኢንጂነሩ «መንገድ ላሳይህ» ብሎ ሦስቱም ይገባኛል ይላሉ። እኔን የተወለድኩበትን መንገድ ሊያሳየኝ! አራተኛው ጓደኛችን ፀጥ ያለ ሰው ነው፤ ከኋላ መሐል ላይ ተቀምጦ ይተኛል። የሚተኛው ግን ወደ ፊት ወድቆ ነው፣ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ። መስኮቱ ሲከፈት ለአንዱ ይበርደዋል፤ ሲዘጋ ለሌላው ያፍነዋል። ዲጄው ዘፈን ከሁለት ደቂቃ በላይ አያስጨርስም፤ ትዝታው ልብህን ሊነካው ሲል ቆርጦ ሌላ ያስገባል። ሎሚ የሚያሸት አለ፣ ማስቲካ የሚያጮህ አለ። ደብረ ብርሃን ሳንደርስ፣ 130 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳንጨርስ፣ «ደረስን?» የሚል ጥያቄ ሦስት ጊዜ ቀርቧል። ጠያቂዋ በሙያዋ የሰው መድኃኒት ቆጥራ የምትሰጥ ናት።

ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር። ጉሙን ያየ ሁሉ «ቁም!» አለ። ጉም ምኑ ይነሣል? ነጭ ነው። አርባ ፎቶ ነጭ ነገር ተነሥቶ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ታየ ተብሎ ደግሞ አርባ። ከዚያ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አለ፤ 587 ሜትር። ወደዚያ ዋሻ የገባ ሰው ሁሉ እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። ሦስት ጎልማሶች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ጮኹ፤ አራተኛው ነቅቶ ደንግጦ ጮኸ፤ ከፊት ለፊት መብራቱን የለኮሰ ተሳቢ ሲመጣ ደግሞ እኔ ጮህኩ። ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ የፍሬኑ ሽታ መኪናውን ሞላው። ኢንጂነሩ «ምን የሚሸት ነገር አለ?» አለ። «አንተ ነህ» አልኩት በሆዴ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሁለቱ ፆመኛ፣ ሁለቱ ፍስክ። ደብረ ሲና ላይ በያይነቱ ያለበት ቤት ጥብስ የለውም፤ ጥብስ ያለበት ቤት በያይነቱ አልቋል። አንድ ሰዓት ሙሉ «አንተ የፈለግኸው ይሁን» «የለም፣ አንቺ የፈለግሽው» ስንባባል ቆየን። እኛ ሰዎች ምርጫችንን በግልጽ ብንናገር አገሩ ስንት ሰዓት ይቆጥብ ነበር! መጨረሻ ላይ ሁላችንም የማንፈልገውን በላን፤ ቆሎ።

ሸዋ ሮቢት ላይ የደረሰብኝን ግን ይቅርታ አላደርግም። ዲጄው ከመንገድ ዳር የተከመረ ሽንኩርት አይቶ ዋጋ ጠየቀ። ከአዲስ አበባ ዋጋ ጋር ሲያነጻጽረው ልቡ ጠፋ። ግማሽ ኩንታል ገዛ። «ስንመለስ በዚሁ አይደል እንዴ የምናልፈው? ያኔ ግዛ» አልነው። «ያኔ ቢወደድስ?» አለ። የፋርማሲስቷ ሦስት ሻንጣ ላይ ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት ታከለ። የኋላ ኮፈኑ አልዘጋ ስላለ ከፊሉ እግራችን ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ ያየሁት የወሎ መልክዓ ምድር ሁሉ በእንባ ውስጥ ያየሁት ነው።

ከሚሴ ላይ ግመል መንገዱን ይዞ እየተንጎማለለ አቆመን። ኮምቦልቻ ሲመሽብን አለፍን። ሐረጎን በጨለማ ወጣን፤ መጠምዘዣው ላይ ቪትዟ በአንደኛ ማርሽ እያለቀሰች፣ ከኋላ አይሱዙ ክላክስ እየነፋባት። ደሴ አደርን። እዚያ ስላደርንበት ቤት ብርድ ልብስ ባወራ ከርዕሴ እወጣለሁ።

በማግሥቱ ባሕራችን ጋ ደረስን። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቅ ውብ ነው፤ የአገሬ ስለሆነ አላጋንንም። ባልንጀሮቼ ግን በስልክ ካዩት ባሕር ጋር እያስተያዩ ቆሙ። «ማዕበል የለውም?» አለ ዲጄው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ የስንት ሊቅ መፍለቂያ ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ገዳሙ የመነኮሳት ስለሆነ ሴት አይገባበትም። ፋርማሲስቷ «እና እኔ ሽንኩርት ልጠብቅ ነው የመጣሁት?» አለች። እሷ ካልገባች እኛም አንገባም ተባለ፤ ይሉኝታ። ገዳሙን ከሩቅ ተሳልመን ዓሣ በላን። ዓሣውን ያዘዘ የለም፤ ሁሉም «እኔ አልበላም» ካለ በኋላ የመጣውን አንድ ዓሣ አምስት ሆነን ተናጠቅነው።

ውጫሌ።

ውጫሌን ያለ ታሪክ ማለፍ ነውር ስለሆነ ወደ ይስማ ንጉሥ የሚወስደው መንገድ ጋ አቆምኩ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው ወኪል አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተፈራረሙት እዚያ ነው። ኢንጂነሩ አንቀጽ 17ን ሊያስረዳን ከመኪና ወረደ። አማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መጻጻፍ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ቢፈልጉ ማለት ነው። የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። በአንድ ቃል ሳቢያ ነገሩ እየከረረ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ለየለት። እጁን እያወራጨ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ እስኪያዳምጠው አስረዳ። እውነቴን ነው፣ አሳምሮ አስረዳ። እኔም ሰዓቱ አሁን ነው ብዬ ከደሴ የቀዳሁበትን የነዳጅ ደረሰኝ ከኪሴ አወጣሁ።

«ነዳጁን እንችላለን ብለህ አልነበር?»

ደረሰኙን አገላብጦ አየው። «እንችላለን አልኩ እንጂ እንከፍላለን አልኩ?»

«መቻል ምን ማለት ነው ታዲያ?»

«አቅም አለን ማለት ነዋ። ቢያስፈልግ።»

ሳቁ። ሦስቱም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ካልሳቅኩ ሆደ ጠባብ ልሆን ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የቡድናችን ሕግ ይኸው ሆነ፤ በአማርኛው ይቻላቸዋል፣ በእኔ ቅጂ ግዴታ ነው።

ከውጫሌ በውርጌሳ አድርገን ወደ መርሳ ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ወረዳችን ሀብሩ ቆላው ይበዛል፤ የመርሳን ባጃጅ፣ የማሽላውን ማሳ፣ የግራናን መስኖ እያሳየሁ ልኩራራ ነበር። ሽንኩርቱ ሙቀት ሲያገኝ ግን የሚናገረው ሌላ ሆነ። አክስቴ ቤት «ሰላም ብለን እንወጣለን» አልኳቸው። የወሎ ሰው «ሰላም ብዬ እወጣለሁ» ብሎ አክስቱ ቤት የገባበት ዘመን የለም። ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አውቄ።

«እሰይ! እሰይ! ልጆቼ መጡ! ኧረ ግቡ፣ በሞቴ ግቡ!» ብላ አንድ በአንድ አገላብጣ ሳመቻቸው። «ምነው ከሱ? አብሽሩ፣ አብሽሩ።» በልተናል ብንል «ወላሂ እናንተማ አልበላችሁም» አለች። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፣ ፍስክ ነው ብለን ስንተማመን ሥጋው በየትኛው እጅ ታረደ የሚል ነገር ተነሣ። አክስቴ ሙስሊም ናት፣ የእኛ እናት አባቶች ክርስቲያን ናቸው። ወሎ ይህን ነገር ከጨረሰው ቆይቷል፤ አክስቴ ለክርስቲያን እንግዳ የተለየ ድስትና የተለየ ሰሃን አላት፣ ጎረቤቷ ክርስቲያን ሴት መጥታ ሽሮውን ሠራችልን። ሽሮው በጣም የሚጣፍጥ ሽሮ ነበር፤ ቀይ ሽንኩርት አልቆባቸው ሊገዙ ሲወጡ ዲጄው ከመኪና አምስት ኪሎ አወጣ። በዚያች አምስት ደቂቃ ብቻ ይቅር ልለው ቃጣኝ።

ከዚያ ቡናው ቀረበ። አቦል ተጠጣ። ዓይኔን ወደ ሰዓቴ ብጥል አክስቴ «ቶና ሳትጠጣ?» አለች። ቶና ተጠጣ። ስንነሣ «በረካው ይቀራል እንዴ? ዱዓ ሳይደረግ?» ተባልን። በረካ ተጠጣ፣ ዱዓ ተደረገ፤ ቪትዟ እንድትደርስ፣ ፋርማሲስቷ ጥሩ ባል እንድታገኝ (ባሏን ቤት ትታው ነው የመጣችው፤ ማንም አላረማትም፣ እሷም አሜን አለች)። ከዚያ ቡናው በሌላ ጀበና እንደገና ተጣደ። ይሉኝታ ያለው እንግዳና የማትሰለች ቡና አፍይ ከተገናኙ ፀሐይ አታለያያቸውም።

በዚህ መሐል የአክስቴ ጎረቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። በጃንሆይና በደርግ ጊዜ የአሰብ ሹፌር ነበሩ። በኤንትሬ ፊያት ከአሰብ ተነሥተው በማንዳ፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ ይገቡ ነበር፤ ኋላ ላይ ከአሰቡ ማጣሪያ ነዳጅ በቦቴ ያመላልሱ ነበር። ወዳጆቼ ባሕር የሚል ቃል ሲሰሙ ጆሯቸው ቆመ። ተራራና ባሕር፣ በአንድ መንገድ፣ በገዛ አገራቸው! አሰብ ለኢትዮጵያ ዕቃ ማራገፍ ካቆመ፣ ከ1990 ወዲህ፣ ያንን መንገድ እስከ ጫፉ የሄደበት ሰው አግኝተው አያውቁም።

«አባባ፣ ባሕሩ እንዴት ነበር?» አለች ፋርማሲስቷ።

«የቱ ባሕር?»

«የአሰብ ነዋ፣ ቀይ ባሕር።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ያየሁት ወረፋ ነው ልጄ። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ወረፋ። ሙቀቱ ጎማ ያቀልጣል፣ ሌሊት ነበር የምንነዳው። ባሕሩ እዚያ አለ፣ ጨው ነው፣ ገላ ያሳክካል።» ትንሽ አሰቡ። «ረዳቴ ደግሞ ያንኮራፋ ነበር። አንድ ሰው ከጎንህ ካንኮራፋ ባሕር ምን ያደርግልሃል?»

እኚህን ሰው እዚያው አቅፌ ልስማቸው ፈለግሁ። በመስኮት ቪትዟን አይተው «አምስት ሆናችሁ በዚህች?» አሉና «ነዳጁን ማን ቻለ?» ብለው ጠየቁ።

አራቱም ሲኒያቸው ውስጥ የወደቀ ነገር ይፈልጉ ጀመር።

ወልድያ ሲመሽ ገባን። ከመርሳ በስሪንቃ በኩል 30 ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ የማይሞላ መንገድ ነው፤ ለእኛ ከሰዓት በኋላውን ፈጀ። ጠዋት «ምን ላሳያችሁ?» ስላቸው ስታዲየሙን አሉ። ጥር 2009 የተመረቀው፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼህ ሙሐመድ ሑሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም። በሩ ዝግ ነበር። በሩን ፎቶ አነሡት። ኢንጂነሩ ስለ ጣሪያው ሒሳብ ሊያስረዳ ሲጀምር መንገደኛ ልጅ «ጋሼ፣ ሀይላንድ አለህ?» ብሎ ገላገለን። ላሊበላ እንሂድ ያለም ነበር፤ በድልብ ዳገት፣ በጋሸና። መሪውን ይዤ ዝም አልኩ። በሦስት ቀን ውስጥ አይሆንም ለማለት የቀረብኩት ያኔ ነው፤ እሱንም በአፌ አላልኩትም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እዚሁ አጠገብ ሃራ ገበያ ድረስ የሚዘረጋው 392 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ሥራ ቢጀምር ኖሮ ለእያንዳንዳቸው ትኬት ቆርጬ፣ መሐረብ እያውለበለብኩ እሸኛቸው ነበር። ባቡሩ የለም፤ ያለሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያም መርሳም በሰሜኑ ጦርነት እጅ ቆዩ። ስልክ ተቋርጦ የአክስቴን ድምፅ አራት ወር ያህል አልሰማሁም። መስመሩ የተመለሰ ቀን፣ ደህንነቷን ጠይቄ እሷም የሞቱትን ቆጥራ ካለቀስን በኋላ፣ «ያ ልጅ ሽንኩርቱን ምን አደረገው?» አለችኝ። ግማሹ መንገድ ላይ እንደበሰበሰ አልነገርኳትም። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው፤ ቡድኑ ውስጥ በየሳምንቱ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው፣ የኬላው ቁልፍ ኪሴ ያለ ይመስል።

ሰሞኑን ኢንጂነሩ እዚያው ቡድን ላይ ብቅ አለ። አገር ሰላም ሲሆን ጉዞውን እንድገመው፣ አክስትህ ናፈቁን፣ መኪናዋም አለች አይደል፣ ነዳጁን እንችላለን፣ ይላል። ሦስት አውራ ጣት ተቀስሮለታል።

የ2012ቱ ደረሰኝ አሁንም ኪሴ ነው። ኢንጂነሩ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ በኢጣሊያንኛው ቅጂ እየጠበቅሁህ ነው።